የኮንጎው ጴጥሮስ ድርሻ

ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ አንድ ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ። የሽንኩርቱ አልነበረም። ከጎኔ አንድ ነጋዴ ማዳበሪያ ከረጢት ዘርግቶ ኮንጎ ጫማ ከምሯል፤ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ጥቁር፣ የደጋ ገበሬ ሁሉ የሚያጠልቀው ያ የላስቲክ ጫማ። የደባርቅ ፀሐይ ጠዋት ከብርድ አታስጥልም፣ ከረፋዱ በኋላ ግን ቆዳ ትልጣለች፤ ላስቲኩ ሲሞቅለት ሽታው ይነሳል። ለጫማው ያንን ስም ማን እንዳወጣለት አላውቅም። ኮንጎ ድረስ ሄዶ የተመለሰ አንድ ሰው ግን አውቅ ነበር፤ እሱንም ሳስብ ሽንኩርቱን ሳልመርጥ እየዘገንኩ ኖሮ ግማሹ የበሰበሰ ሆኖ ቤቴ ገባ። ለነገሩ በዛሬ ዋጋ የበሰበሰውም አይጣልም።

ከጫማው ክምር አጠገብ የማኅበራችን ሙሴ አብርሃም አገኘኝ። ሙሴ የሚባለው የማኅበሩ መሪ ነው፤ የኛው ልጅ እግር ነው፣ ሥራው አስጎብኚነት ነው፣ ተራራው መግቢያ ቡይት ራስ ላይ ፈረንጅ ጎብኚ ከጠፋ ወዲህ ገበያ ለገበያ ይዞራል። ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝና «እትዬ ትሁን፣ የፊታችን ሚካኤል ተራው የእርስዎ ነው አይደል? አንዲት አጀንዳ አለችን። የኮንጎውን ሰውዬ ነገር ክሎዝ እናድርገው ብለናል» አለኝ። እሺም እንቢም አላልኩት። ማኅበራችን በየወሩ በሚካኤል ቀን በየአባሉ ቤት በተራ ይሰበሰባል፤ ጽዋ ይጠጣል፣ ዳቦ ይቆረሳል፤ ታሞም ሆነ መንገድ ይዞት የቀረ አባል ካለ ድርሻው ተቆርጦ ይቀመጥለታል። ከአባሎቻችን አንዱ ከሃምሳ ዓመት በላይ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አያውቅም። የኮንጎ ሰው ነው፤ ጴጥሮስ ይባላል። የእሱም ዳቦ በየወሩ ይቆረጣል። አብርሃም እንዝጋው ያለው ይኸንን ነው።

ዝም ያልኩበትን ምክንያት ከወዲሁ ልናገር። የመጨረሻ ልጄ ሰሎሞን የጭነት መኪና ሾፌር ነው። አይሱዙውን ጤፍ ጭኖ ሊማሊሞን ወደ አዲ አርቃይ በወረደ በማግስቱ መንገዱ በጦርነት ተዘጋ። መንገዱ ቆይቶ ተከፈተ፤ እሱ አልተመለሰም። መኪናዋን ያየ የለም፣ እሱንም ያየ የለም። ጎረቤት በመጀመሪያው ዓመት አጽናናኝ፤ በሁለተኛው «እርምሽን አውጪ» ማለት ጀመረ። ድንኳን ጥዬ፣ ሰው አስለቅሼ፣ ፍትሐት አድርጌ እንዲቆርጥልኝ ነው። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ቁርጥ የሌለው ኀዘን ጎረቤትንም ያደክማል። እኔ ግን እንቢ ብያለሁ፤ እንቢ ስል የተደገፍኩት በዚያ በማላውቀው የኮንጎ ሰው ዳቦ ነው።

ያኔ እኔ ልጃገረድ ነበርኩ። አክስቴ መኪና መናኸሪያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት ነበራት፤ ሻይ በአምስት ሳንቲም፣ ሻይ በዳቦ በአሥራ አምስት። ንጉሡ ገና አሉ፤ ሊወርዱ ትንሽ ቀርቷቸው ነበር፣ ግን ደባርቅ ይኸን በምን ታውቃለች። የኛ ትልቁ ወሬ ከጎንደር የመጣው ሱሪ ነበር። እግሩ እንደ ቀሚስ የሰፋ የቴትሮን ሱሪ ለብሰው የሚመጡ ተማሪዎች በክረምት ጭቃውን ሁሉ በሱሪያቸው ጠርገው ሲገቡ አክስቴ «መጥረጊያ መግዛት ተውኩ እኮ» ትላለች። እኔ የናይለን ሻሽ ነበረኝ፤ ዳባት ገበያ ነው የገዛሁት፣ ሐምራዊ ነው፣ ለሚካኤልና ለጥምቀት ብቻ ይታሰራል። ከሰሜን የሚመጣው አውቶቡስ ሊማሊሞን እያቃሰተ ወጥቶ አመሻሽ ላይ ሲደርስ ተሳፋሪው አቧራ ከመልበሱ የተነሳ ወንድና ሴቱ አይለይም። ዛሬ መናኸሪያው ሌላ ቦታ ተዛውሯል፤ የሻይ ቤታችን ቦታ ላይ የሞባይል መሸጫ ቆሟል፣ ቀኑን ሙሉ አንዱን ዘፈን ይደጋግማል።

የሻይ ቤታችን ቋሚ ደንበኛ ሃምሳ አለቃ አዱኛ ነበር። የአምቢኮ ሰው ነው፤ ከራስ ዳሸን ግርጌ ተነስቶ ወታደር የሆነ፣ በንጉሡ ጊዜ ከሌሎች ወታደሮች ጋር ለሰላም ማስከበር ኮንጎ ዘምቶ የተመለሰ። ሲመለስ ይዞ የመጣው ሰማያዊ መለዮ፣ ቆዳ ልብስ ያላት ትንሽ ሬዲዮና ትርጉሙን የማያውቀው አንድ ዘፈን ነው። ዘፈኑን በአፍንጫው ያንጎራጉራል፤ አክስቴ «ቃሉ ስድብ ቢሆንስ?» ስትለው «ዜማው ጸሎት ነው፣ አንች ምን አገባሽ» ይላታል። ከተማው ሃምሳ አለቃ ኮንጎ ይለው ነበር። የኮንጎን ፖለቲካ ደባርቅ የተማረችው ከሱ ነው፤ እኔም ጎንደርን ሳላይ የኮንጎን ነገር አውቅ ነበር።

«አገሩ ሀብታም ነው፤ ችግሩም እሱ ነው» ብሎ ነበር ሁልጊዜ የሚጀምረው። «እኛ ከመሬታችን ገብስ ነው የምናወጣ፤ ገብስ ብሎ ከቤልጅግ የሚመጣብን የለም። እነሱ መዳብ አላቸው፣ አልማዝ አላቸው። ቤልጅጎቹ ሰውየውን ለጎማ ዛፍ እጁን ሲቆርጡት ኖረው ኖረው፣ አንድ ቀን በሉ ነጻ ናችሁ ብለው የቤቱን ቁልፍ እንኳ ሳያሳዩ ወጡ። ታዲያ ምን ይሁን? ፕሬዚዳንቱ በሬዲዮ ገብቶ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሽሬሃለሁ አለ። ጠቅላይ ሚኒስትሩም በዚያችው ቀን፣ በዚያችው ሬዲዮ፣ እኔም አንተን ሽሬሃለሁ አለ። መዳብ ያለባት ካታንጋ የምትባለዋ ክፍለ ሀገር ደግሞ እኔ ለብቻዬ አገር ነኝ አለች። እንግዲህ እኛ እዚህ መካከል ነው የገባን፤ ማንን ከማን እንደምናስታርቅ የነገረን የለም።» ያንን ባለመነጽር ጠቅላይ ሚኒስትር ገድለው መቃብሩን እንኳ እንዳጠፉት ሲናገር ድምፁ ይቀንሳል። አንዱ ተማሪ ተነስቶ ስለ ኢምፔሪያሊዝም ሊያስረዳው ሲሞክር «አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ሱሪህን አሳጥር» አለውና ቤቱ ሁሉ ሳቀ።

የጴጥሮስን ነገር ግን ለሁሉም አይናገርም ነበር። ጴጥሮስ የጦሩ ልብስ አጣቢ ነው፤ ፒየር ነው ስሙ፣ ሃምሳ አለቃ ወደኛ መለሰው። የጋራ ቋንቋ የላቸውም፤ በእጅና በጥቂት ቃል ይግባቡ ነበር፤ «ቶሎ በል» እና «እግዜር ይስጥልኝ» አስተምሮታል። አንድ ቀን መኪና ጭነው በአንድ ድልድይ ሊያልፉ ሲሉ ጴጥሮስ እየሮጠ መጣና የሃምሳ አለቃን እጅ ይዞ አላስኬድ አለ። ድልድዩ ፈንጂ ተቀብሮበት ኖሯል። ያስጠነቀቀው ጴጥሮስ መሆኑ ተሰማ፤ ፈንጂውን የቀበሩት ደግሞ የዚያው የሰፈሩ ልጆች ናቸው። «ነገ ጠዋት ሚስትህንና ልጆችህን ይዘህ በራችን ላይ ቁም፣ ጭኜ አወጣሃለሁ አልኩት» ይላል ሃምሳ አለቃ። «ትእዛዝ መጣና ጎሕ ሳይቀድ ተነሣን። ለአለቃዬ ነገርኩት፤ መኪና ላይ ውጣ አለኝ። ወጣሁ። እስተዛሬ በሩ ላይ እንደ ቆመ ነው የሚታየኝ።» ይኸን ለአክስቴ ሲነግራት ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር፤ ቀና ብዬ ሳየው ዓይኑ ደረቅ ነው፣ ሻዩ ግን ቀዝቅዟል። ጓደኞቹ «አንቱ፣ ያ ሰው ይኸኔ አፈር ሆኗል፤ እርምዎን ያውጡ» ይሉታል። እንቢ አለ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሬዲዮዋ ስለ ኮንጎ ተናገረች። የነብር ቆዳ ቆብ የሚያደርገው ወታደር አገሩን ከያዘ ቆይቷል፤ የአገሩን ስም ዛየር ብሎ ቀይሯል፣ አሁን ደግሞ ሕዝቡ ከፈረንጅ የመጣ የክርስትና ስሙን ጥሎ በአያቶቹ ስም እንዲጠራ አዟል ተባለ። ሃምሳ አለቃ ሬዲዮዋን አጠፋት። እሱ በየጠዋቱ ሚካኤል በር ላይ ቆሞ «ጴጥሮስን ካለበት ጠብቅልኝ» እያለ የሚጸልይ ሰው ነው። «ስሙን ቀሙት እኮ» አለ። «አገሩ ስሙን ከቀማው እኔ በማን ስም ልጥራው?» አክስቴ ልታስቅ ፈልጋ «ሚካኤል አዋጁን አልሰማም» አለችው፤ አልሳቀም። ሳንቲሙን አስቀምጦ ወጣ።

በዚያ ወር የማኅበሩ ተራ የአክስቴ ስለነበረ ጠላ የምቀዳው እኔ ነኝ፤ የሆነውን ሁሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሃምሳ አለቃ ከዳቦው በፊት ተነሣና ጴጥሮስ የማኅበሩ አባል ይሁንልኝ አለ። ሰማያዊ መለዮውን በእጁ ይዟል። የዚያን ጊዜው ሙሴ ግራዝማች ውብሸት የሚባሉ፣ ሪዛቸውን ሳይነኩ የማይናገሩ ሰው ነበሩ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ሰውየው ካቶሊክ አይዶለም ወይ?»

«ነው።»

«ቀሪ አይዶለም ወይ? የቀረ እኮ ይቀጣል።»

«በቀረበት ሁሉ እኔ እቀጣለሁ።»

ሰው ሳቀ። ግራዝማችም ሊስቁ ሲሉ የሃምሳ አለቃን ፊት አዩና ሪዛቸውን ያዙ። «እኔ እምለው» አሉ ለዘብ ብለው፣ «ሞቶ ከሆነ ፍትሐት እናድርግለት። እርስዎም ያርፋሉ።»

ይኸኔ ነው መምሬ ፈንታ የተናገሩት። የማኅበሩ ቄስ ናቸው፤ ዘገም ብለው፣ እያንዳንዱን ቃል አስተካክለው የሚያስቀምጡ። «ሞቱን ያየ አለ?» አሉ። የለም ተባለ። «መኖሩንስ ያየ አለ?» የለም። «እንግዲያስ ፍትሐቱ አይሆንም። ቆሞ የሚሄደውን ሰው ሙት ብለን ብንፈታው ዕዳው የኛ ነው። ሞቱ እስቲሰማ ድረስ ይኸ ሰው የቀረ ሰው ነው። ለቀረ ሰው ሥርዓት አለን፤ ድርሻው ይቀመጥለታል።» ግራዝማች ስለ ካቶሊክነቱ ሊያነሱ ሲሉ ደግሞ «ጽዋውን አላጠጣነውም፤ ዳቦ ነው ያስቀመጥንለት። ዳቦ ሃይማኖት አይጠይቅም» አሉ። የክርስትና ስም በወታደር አዋጅ እንደማይሻርም ጨመሩ። ሃምሳ አለቃ ጉልበታቸውን ስሞ ተቀመጠ። ዳቦውን ማን ይብላው ሲባል መንገደኛ ይብላው፣ እሱም የመንገድ ሰው ነውና፣ ተባለ።

ከዚያ ወዲያ በየወሩ በአሥራ ሁለት ሃምሳ አለቃ ዳቦውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ መለዮውን ደፍቶ፣ ካኪ ካፖርቱን ቆልፎ መናኸሪያ ይቆማል። አውቶቡሱ ሲመጣ ዳቦውን ለመጀመሪያው ወራጅ አይሰጥም። የሚወርደውን ሁሉ አንድ በአንድ ፊቱን ያያል፤ ለመጨረሻው ሰው ነው የሚሰጠው። የከተማው ቀልደኛ ሁሉ ቀኗን ያውቃታል። «ሃምሳ አለቃ፣ ኮንጎ ዛሬም አልመጣም?» ይሉታል ከሻይ ቤታችን በር ላይ ተደርድረው። እሱ ዞር ሳይል «መኪናው ሞልቶበት ይሆናል» ይላል። እኔም በመስኮት እያየሁ እስቅ ነበር፤ ከኮንጎ የሚመጣ ሰው በሊማሊሞ ይወጣ ይመስል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን ማንም ያውቀዋል። ንጉሡ ወረዱ፤ ባለ ሰፊ ሱሪዎቹ ልጆች አንዳንዱ ጫካ ገባ፣ አንዳንዱ ከቤቱ እየተጠራ ወጥቶ አልተመለሰም። ለማኅበር መሰብሰብ ኋላ ቀርነት ነው በተባለበት ጊዜ በር ዘግተን ቆረስን፤ የጴጥሮስም ዳቦ በር ተዘግቶ ተቆረጠ። እኔ አግብቼ ወለድኩ፣ ባሌ ሲሞት በማኅበሩ የሱን ቦታ ተረከብኩ። ሃምሳ አለቃ አርጅቶም ሬዲዮውን አልተወም። ዛየር ተመልሳ ኮንጎ ስትባል ደስ ብሎት ለሁላችንም ሻይ ጋበዘ፤ ሳይቆይ የጎረቤት አገር ጦር ሁሉ ገባባት፤ ታጣቂው በዛ፣ የአንዱን ስም ሳንለምደው ሌላ ይመጣል። «አሁን ደግሞ ለስልክ የሚሆን ድንጋይ ተገኘባቸው አሉ» አለኝ አንድ ቀን። «በቃ፣ አይተዋቸውም።» በዚያው ዓመት ሞተ፤ ለማኅበሩ የተወው አደራ የጴጥሮስን ድርሻ ብቻ ነው። አደራው አልተበላም፤ ግን ዳቦውን ባለተራው በሩ ላይ ላገኘው ለማኝ ወይም ለጫኝና አውራጅ ይሰጠዋል እንጂ መናኸሪያ ሄዶ ፊት የሚያይ አልነበረም። እኔም ሄጄ አላውቅም።

እኛ ኮንጎን ስንሰማ የሩቅ አገር ጣጣ ይመስለን ነበር። አንድ ክረምት መድፉ በሊማሊሞ በኩል ተሰማ። ፍራሽ ተሸክመን ጎንደር ወረድን፤ እኔ ከፍራሹ ሌላ የያዝኩት ጽዋውን ነው፣ ተራው እኔ ዘንድ ስለነበር። ተመልሰን ስንመጣ ጣሪያ የሌለው ቤት አለ፣ ሰው የሌለው ቤት አለ። ማን ምን አደረገ የሚለውን እኔ አልጽፍም፤ የሚጽፉት ሞልተዋል፣ ሁሉም ሌላውን ነው የሚጽፈው። እኔ የማውቀው ልጄ ወርዶ አለመመለሱን ነው። ሃምሳ አለቃ «ፈንጂውን የቀበሩት የሰፈሩ ልጆች ናቸው» ይል የነበረው ያኔ የኮንጎ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ሚካኤል ደረሰ። ቤቴን ጠርጌ፣ ጠላውን አጥልዬ ጠበቅኳቸው። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ አብርሃም ቢላዋውን ዳቦው ላይ አሳርፎ ነገሩን አነሣ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ አንገቱን ደፍቶ ነው የተናገረው። «እትዬ፣ ሰውየው ቢኖር መቶ ሊሞላው ነው። ያወቁት ሁሉ አልፈዋል። ሪያሊስቲክ እንሁን።» ጥቂቱ በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። ወደኔ የተመለከተ ግን አልነበረም፤ የኮንጎው ሰው ነገር ሲዘጋ የማን በር አብሮ እንደሚዘጋ ሁሉም ያውቃል። ጣሳውን አስቀመጥኩት።

«ሞቱን ያየ አለ?» አልኩ።

«የለም፣ ግን...»

«መኖሩንስ ያየ አለ?»

አብርሃም ቢላዋውን ከዳቦው ላይ አነሣ። በሬዲዮ የሰማሁትን አንድ ነገር ነገርኳቸው። ያ ባለመነጽሩ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ሃምሳ አለቃ ድምፁን ቀንሶ የሚናገርለት፣ ከሬሳው የተረፈች አንዲት ጥርስ ቤልጅግ አገር በሰው እጅ ኖራ ኖራ በቅርቡ ለልጆቹ ተመለሰች። ስልሳ ዓመት አልፎ ልጆቹ አርጅተዋል። ጥርሷን በሬሳ ሣጥን አድርገው አገር ላገር አዞሩና ቀበሩ። «እነሱ እርማቸውን ያወጡት በእጃቸው አንድ ጥርስ ይዘው ነው» አልኩ። «እኔ ምን ይዤ ላውጣ? ስጡኝና ላውጣ።» ማጀት ገብቼ አለቀስኩ። በሰው ፊት አላለቅስም ብዬ ሁለት ዓመት የያዝኩት ነው።

ስመለስ ዳቦው እየተቆረሰ ነበር። የጴጥሮስ ድርሻ ተቆርጦ ዳር ተቀምጧል። አብርሃም ቢላዋውን አላስቀመጠም፤ ከጎኑ ሌላ ቆረጠ። «ሰሎሞንም የቀረ ሰው ነው» አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለዳቦው እንደሚናገር። የዛሬው የማኅበሩ ቄስ አሜን አሉ፣ ሁሉም አሜን አለ። ይኸን ልጠይቅ አስቤ አፍሬ የኖርኩት ነገር ነው። ደስ አለኝ፤ እንደዚህ ያለ ነገር ደስታ ከተባለ።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ አዲሱ መናኸሪያ ሄድኩ። ከአዲ አርቃይ የሚመጣው ሚኒባስ ዘግይቶ ደረሰ። የጴጥሮስን ድርሻ ልጅ ላዘለች ሴት ሰጠሁ። ሌላኛውን ይዤ በሩ አጠገብ ቆምኩ፤ የሚወርደውን ሁሉ ፊቱን አየሁ። አንዱ በቁመቱ ሰሎሞንን መሰለኝ፤ ሲዞር ሌላ ሰው ነው። ሊስቅ የሚችል ሰው ካለ ብዬ ወደ ሱቆቹ አየሁ፤ የሳቀ የለም። ሚኒባሱ ሲመጣም ግማሹ ባዶ ነበር። ሾፌሩ ወርዶ በሩን ሊዘጋ ሲል ቆሜ አየኝና «እማማ፣ የሚጠብቁት ሰው ቀረ?» አለኝ።

«መኪናው ሞልቶበት ይሆናል» አልኩትና ዳቦውን ለእሱ ሰጠሁት።